ከዚያ ቤት ያላወጣኝ መምህር

የበደለኝ ጋሽ ተካልኝ ነው። የበደለኝም ባገባሁ በአራተኛው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ክንዴን ይዞ ከእሱ ቤት እስከ ባሌ ቤት ድረስ ቁልቁለቱን ሲያወርደኝ ነው። አልጎተተኝም፤ አልተቆጣኝም። እንዲያውም ድንጋይ እንዳያደናቅፈኝ «ቀስ በይ ልጄ» እያለኝ ነበር። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ይለው ነበር።

ባለፈው ወር ሞቷል። ድሮ ያስተማራቸው ልጆች፣ ልጆች እላለሁ እንጂ አሁን ሁሉም ሸብተዋል፣ ለአርባው የሚታደል መጽሔት ሊያሳትሙ ተነሥተው ቤቴ መጡ። «እርስዎ ከሁላችንም በላይ ያውቋቸዋል። ተማሪያቸውም ነበሩ፣ ባልደረባቸውም ነበሩ። አንድ ነገር ይጻፉልን» አሉኝ። ሊሄዱ ሲነሡ አንደኛዋ ከደጅ ላይ ዞር ብላ «ያው... ማለቴ፣ ጥሩ ጥሩውን» አለችኝ። እጽፋለሁ አልኳት። ምን እንደምጽፍ አልነገርኳትም። ጥሩ ጥሩውም አለበት፤ አልደብቅም። ካላተሙት የራሳቸው ጉዳይ ነው።

ሰው ሁሉ «እሳቸው» ይለዋል። እኔም ፊት ለፊቱ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ነበር የምለው። እዚህ ግን «እሱ» ብዬ እጽፋለሁ።

ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ብዙም በማይርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡኒ ሹራብ የማይለየው ሰው። ጠመኔን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣቱ መሃል ነበር የሚይዘው፤ ሲጋራ ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም። ተማሪ ሲሳሳት አይሰድብም፣ አይመታም። በዚያ ዘመን ይህ ብርቅ ነበር። ዓይኑን ይጨፍንና «እንደገና» ይላል። ተማሪው እስኪያገኘው ድረስ ዓይኑን አይገልጥም። ከዱላ ይልቅ እነዚያን የተጨፈኑ ዓይኖች እንፈራቸው ነበር።

እኔ ከሸማኔ ቤት ነው የመጣሁት። አባቴ ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ሸማ ሲሠራ፣ እናቴ ጥጥ ስትፈትል ነው ያደግኩት። ቤታችን ውስጥ ከጸሎት መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ አልነበረም። ጋሽ ተካልኝ አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ሰማያዊውን መጽሐፍ ሲያድለን፣ ልብ ወለድ የሚባል ነገር ከዳር እስከ ዳር አንብቤ አላውቅም ነበር።

ሰማያዊው የምንለው በሽፋኑ ነው። ርዕሱን አልጽፍም፤ ርዕሱም እንደ ሽፋኑ ያሳስታል። በእርዳታ መጥቶ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተከምሮ የነበረ የድሮ የፈረንጅ ልብ ወለድ ነው። ሽፋኑ ላይ አንድ ወንድ አንዲት ሴት አቅፏል፣ ከኋላቸው ወንዝ ይታያል። ጀርባው ላይ የማይሞት ፍቅር ታሪክ እንደሆነ ተጽፏል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ አንዲት ልጅ ይወድና ዓመታት ይጠብቃታል። ያገባትና ወንዝ ዳር ትልቅ ቤት ይሠራላታል። ምንም አይጎድልባትም። ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ግን የእሱ ነው፤ ሳያስፈቅድ የሚሻገርበት ሰው የለም። መጽሐፉ ሲጋመስ ሴትየዋ መናገር ታቆማለች። መጨረሻ ላይ፣ በብርድ ወራት፣ ትሞታለች። ሰውየው ቀሪ ዕድሜውን መቃብሯ አጠገብ ተቀምጦ ይጨርሳል።

የክፍላችን ሴቶች ይህን መጨረሻ እያነበቡ ይንሰቀሰቁ ነበር። «ወይኔ፣ ይኼ ነው ፍቅር!» ይሉ ነበር። ወንዶቹ ከመጽሐፉ እየገለበጡ ለሴቶች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ለእኔም አንድ ደርሶኛል፤ ወንዝ ዳር ቤት እንደሚሠራልኝ ይናገራል። የጻፈው ልጅ ከእናቱ ጋር አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖረው።

ጋሽ ተካልኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሽፋኑን በሲሚንቶ ወረቀት እንድንለብደው ማዘዝ ነው። ከመለበዳችን በፊት ግን «ሥዕሉን ለመጨረሻ ጊዜ እዩት» አለን።

«የሰውየው እጆች የት ናቸው?»

«ወገቧ ላይ!» ብለን ጮኽን፤ ተሳሳቅን።

«የእሷስ?»

ሁላችንም ሥዕሉ ላይ አቀረቀርን። የሴትየዋ እጆች አይታዩም። ወይ ከኋላዋ ናቸው፣ ወይ ከእቅፉ ውስጥ ገብተው ጠፍተዋል። የሚስቅ ሰው ጠፋ።

«ሠዓሊው መጽሐፉን አንብቦታል» አለ ጋሽ ተካልኝ። «እናንተ ገና ናችሁ። በሉ ልበዱት።»

ቀጥሎ የሴትየዋን ቤት ሰሌዳ ላይ ያሠራናል። ስለ ፍቅር ማውራት የሚባል ነገር ከዚያ በፊት አይፈቀድም። ክፍሎቹን፣ በሮቹን፣ መስኮቶቹን፣ አጥሩንና ድልድዩን ከመጽሐፉ እየፈለግን እንነግረዋለን፤ እሱ ይስላል። ሴትየዋ ሳታስፈቅድ የምታልፍበትን በነጭ ጠመኔ፣ የምታስፈቅድበትን በቀይ። ከዚያ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ስትል የሰማትን ልጅ ስሟን ጠርቶ ጠመኔውን ያቀብላታል።

«ነይ። ሴትየዋ እዚህ መኝታ ቤት ናት። መንገዱ እዚያ ማዶ ነው። በይ አውጪያት።»

ልጅቷ እየተሽኮረመመች መስመሯን ትጀምራለች። መኝታ ቤቱ በር ቀይ። በጓዳ ትዞራለች፣ እሱም ቀይ። በአትክልቱ ትሞክራለች፣ አጥር። ክፍሉ በሙሉ «በመስኮት! በመስኮት አውጪያት!» እያለ ያግዛታል። እሱ መጽሐፉን ይገልጥና መስኮቱ የተቸነከረበትን ገጽ ያነብላታል። ልጅቷ እዚያው ሰሌዳው ፊት ትደርቃለች። አንዳንዷ ታለቅሳለች። ይኼኛው ለቅሶ ግን ከቀድሞው የተለየ ነው።

እኔም ወጥቻለሁ። ሁሉንም ሞከርኩና ጠመኔውን መለስኩለት።

«መውጫ የለም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምናነበው?»

«እስር ቤት» አልኩት።

ዓይኑን አልጨፈነም። «ተቀመጪ ፀሐይ» አለኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ማንበብ የቻልኩት። መጽሐፍም፣ ሰውም፣ ቤትም። ይህን ከእሱ ነው ያገኘሁት። አልክድም።

በዚያው ሳምንት ሲሳይም ተጠራ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ጨዋና ዝምተኛ ልጅ ነበር። ጠመኔውን ተቀብሎ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ አየው። አንድም መስመር ሳያሠምር ዞረና «ቲቸር፣ ለምን ትወጣለች? ምን ጎደለባት?» አለ። ለቀልድ አልነበረም፤ ከልቡ ነው። ክፍሉ አውካካ።

ጋሽ ተካልኝ አልሳቀም። «ተቀመጥ ሲሳይ» አለው። «ይህን ጥያቄ መጽሐፉ ውስጥም የሚጠይቅ ሰው አለ። ስሙ ማን እንደሆነ ለሰኞ አንብበህ ና።»

ስለዚህ ጋሽ ተካልኝ ሲሳይን አላወቀውም የሚል ሰው ካለ ይሳሳታል። ከእኔ በፊት ያወቀው እሱ ነው።

ሲሳይን ከዓመታት በኋላ አገባሁት። ለምን እንዳገባሁት የሚጠይቅ ካለ፣ ያ የእኔ ጉዳይ ነው።

ኮሌጅ ጨርሼ እዚያው ትምህርት ቤት ስመደብ ጋሽ ተካልኝ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኖ አገኘሁት። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነበር። ሰማያዊውን መጽሐፍ ግማሹን ክፍል እሱ፣ ግማሹን እኔ እናስተምር ነበር፤ እኔም በእሱ ዘዴ ነበር የማስተምረው። የመጨረሻውን ምዕራፍ ሁልጊዜ ራሱ ነው ጮክ ብሎ የሚያነበው። ሴትየዋ የምትሞትበት ገጽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰበራል፣ መነጽሩን አውልቆ በሹራቡ ይጠርጋል። በየዓመቱ። ተማሪዎች ይህን ለማየት ከሌላ ክፍል ሾልከው ይመጡ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ተመልሰው የሚያመሰግኑት ሴቶችም ነበሩ። አንዷን አስታውሳለሁ፤ የታጨችለትን ሰው ትታ ነው የመጣችው። ጫማ ልትስም ጎንበስ ስትል ትከሻዋን ይዞ አነሣት። «የእጮኛዬን ቤት ሣልኩት ቲቸር» አለችው፤ «ሁሉም ቀይ ሆነብኝ።» እሷ ከሄደች በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ሰማሽ አይደል?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሰምቻለሁ አልኩት። በዚያን ጊዜ ባለትዳር ነበርኩ።

ሲሳይ ጎሚስታ ነው። መጀመሪያ ጎማ የሚሠራው መርካቶ በኩል ነበር። ካገባኝ ዓመት ሳይሞላ ሥራውን አንሥቶ ትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ተከለው። ሠፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። «ሚስቱን ለማየት ጎሚስታውን ያዛወረ ወንድ!» ይባል ነበር። መምህራኑ «አንቺስ ታድለሽ፤ የእኛዎቹ ቤት ውስጥም አያዩን» ይሉኝ ነበር። ጠዋት ያደርሰኛል። ምሳ በሳህን ይዞልኝ ይመጣል። ስወጣ በሩ ላይ ነው። ከመምህራን ክፍል መስኮት ቀና ስል ጎማ ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ሲያይ አገኘዋለሁ። እጁን ያወዛውዛል። እኔ ካላወዛወዝኩ ማታ ጥያቄ አለ፤ ማን ነበር ክፍሉ ውስጥ፣ ምን ስትሠሪ ነበር፣ አኩርፈሻል እንዴ። ቅዳሜና እሁድ ሥራ ሲሄድ የግቢውን በር ከውጭ ይቆልፋል። «ሌባ በዝቷል» ይላል። ቁልፉ አንድ ነው፤ ኪሱ ውስጥ።

አንድም ቀን አልመታኝም። ይህን የምጽፈው እሱን ለማመስገን አይደለም። ቢመታኝ ኖሮ የሚሰማኝ አገኝ ነበር።

ጋሽ ተካልኝ መስኮቱን ከእኔ ጋር ነው የሚያየው። አንድ ቀን እጄን ሳወዛውዝ ቀና አለ።

«ለማን ነው?»

«ለሲሳይ።»

«እ...» አለና የሚያርመው ደብተር ላይ አቀረቀረ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ወደቀች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ፀሐይ! እናትሽን ሆስፒታል ወስደዋታል!» ብላ ጮኸች። በሩ ተቆልፏል። ሲሳይ ለጎማ አዳማ ሄዷል። በሩን በድንጋይ መታሁት፤ ጎረቤቴም ከውጭ መታችው። ብረት ነው። በመጨረሻ መሰላል አቀበለችኝና በአጥሩ ላይ ዘለልኩ። ቀሚሴ ቆርቆሮው ላይ ቀረ። በጎረቤቴ ነጠላ ተሸፍኜ ነው ሆስፒታል የደረስኩት።

እናቴ ዳነች። እኔ ግን ወደ ሲሳይ ቤት አልተመለስኩም። ሽሮ ሜዳ እናቴ ቤት ቀረሁ።

ሲሳይ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ነበሩ። የዕድሩ ሊቀመንበር፣ አንድ ጡረታ የወጡ ሃምሳ አለቃ እና ጋሽ ተካልኝ። ጋሽ ተካልኝ ከደጃፉ ጎንበስ ብሎ ሲገባ ሳየው ሰውነቴ ሁሉ ዘና አለ። ከዚህ ሁሉ መሃል ማንበብ የሚችል አንድ ሰው መጣ አልኩ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ በደልሽን ንገሪን» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ይቆልፍብኛል።»

«ይመታሻል?»

«አይመታኝም።»

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም።»

«ውጭ ውጭ ይላል?»

«አይልም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ?»

«ይቆልፍብኛል አልኩ እኮ።»

ሃምሳ አለቃው ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «እኔ ባለቤቴን ልቆልፍባት ብል፣ መጀመሪያ እኔን ነው ውጭ የምታሳድረኝ!» ሁሉም ሳቁ። እናቴም ከአልጋዋ ላይ ሆና ሳቀች። ሲሳይ አንገቱን ደፍቶ «ፈርቼ ነው» አለ። «ከእሷ ሌላ ምን አለኝ?» ይህን ሲል እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ወደ ጋሽ ተካልኝ ዞርኩ። «ጋሽ ተካልኝ፣ እርስዎ ይንገሯቸው። ቤታችን መጥተው ያውቃሉ። እኔ ከመኝታ ቤቴ ተነሥቼ መንገድ ልድረስ ብል በየት በኩል ነው? እስቲ ያውጡኝ።»

ሊቀመንበሩና ሃምሳ አለቃው ምን እንደምል ግራ ገብቷቸው ተያዩ። ሲሳይ ግን ገብቶታል፤ ቀና ብሎ አየኝ። ጋሽ ተካልኝ ዓይኑን ጨፈነ። ለረጅም ጊዜ ጨፈነ። እኔም ጠበቅኩ።

«ልጄ» አለ በመጨረሻ፣ «ልብ ወለድ ሌላ ነው፣ ትዳር ሌላ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሽማግሌ አልላከም። ሲሳይ ግን ይኸው እኛን ልኳል።»

«እውነት ነው! እንዲህ ነው እንጂ!» አሉ ሁለቱም። አነጋገር ይችልበት ነበር።

ቀጥሎ ዋስ ተጠየቀ። የዛሬ ልጆች ላያውቁ ይችላሉ። ዕርቅ ሲወርድ በዳዩ ዳግም ላለመበደሉ ዋስ ይጠራል። ዕርቁ ከፈረሰ ተጠያቂው ዋሱ ነው፤ የተበደለው ሰው ሄዶ የሚያንኳኳው የዋሱን ደጅ ነው። ሲሳይን «ዋስህን ጥራ» ሲሉት «ጋሽ ተካልኝ» አለ። ጋሽ ተካልኝ ተነሥቶ ቆመና «ዋስ ነኝ። ከእንግዲህ ግቢው አይቆለፍባትም» አለ። ሲሳይ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። እኔንም ሳሚ አሉኝ፤ ሳምኩ።

ሲሳይ ቃሉን ጠበቀ። በዚያው ዕለት ቁልፉን ከበሩ ላይ ነቅሎ ፊቴ ጣለው። በሳምንቱ አክስቱን ከገጠር አመጣ።

ክፉ ሴት አይደሉም። በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይዳምጣሉ። ስወጣ «ወዴት ነው የኔ ልጅ?» ይሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ይከተሉኛል። ሱቅ ስሄድ ሱቅ ይመጣሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቤተ ክርስቲያን። ሽንት ቤት ከቆየሁ ከውጭ ያስላሉ። እናቴን ልጠይቅ ስሄድ መሃላችን ተቀምጠው እኔን ወክለው ይመልሳሉ። «ደህና ናት፤ ምን ጎሎባት» ይላሉ። ቁልፉ ቢያንስ አይከተለኝም ነበር።

ለጋሽ ተካልኝ በዕረፍት ሰዓት ነገርኩት።

«ቁልፉ ተነሥቷል?» አለኝ።

«ተነሥቷል፤ ግን...»

«ዋስ የሆንኩት ለቁልፉ ነው፣ ልጄ። አክስቱ ቤተሰብ ናቸው። ቤተሰብ አታምጣ ልበለው?»

ይህን ያለኝ አሁን ክፍል ገብቶ «ነይ፣ አውጪያት» ሊል ጠመኔ እየመረጠ ነው።

ያ ሐሙስ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሰዓት ክፍል አልነበረኝም። በትልቁ በር ብወጣ ሲሳይ ጎማው ላይ ተቀምጧል። በሜዳው በኩል አጥሩ የፈረሰበት ቦታ ነበር፤ ከቤት ደብቄ ያመጣሁትን ትንሽ ቦርሳ ይዤ በዚያ ወጣሁና ዳገቱን ተያያዝኩት። የጋሽ ተካልኝ ቤት ከላይ፣ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ነው። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤቱ እትዬ አስካለ ናቸው።

«ዋሴን ፈልጌ ነው» አልኳቸው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ቦርሳውንም አዩት። «ግቢ» አሉኝ።

ጋሽ ተካልኝ መጽሐፍ በእጁ ይዞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከውስጥ ወጣ። አልተቀመጥኩም።

«ዕርቁ ፈርሷል» አልኩት። «እርስዎ ዋሴ ነዎት። እስኪፈርዱልኝ ድረስ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

«ፀሐይ፣ እስቲ መጀመሪያ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ዋስ ነኝ ብለዋል።»

«ብያለሁ።» መጽሐፉን ዘጋው፤ ጣቱን ግን ያነበበበት ገጽ ላይ ትቷል። «ዋስ የሆንኩት ትዳሩ እንዲጸና ነው። ዋሱ ራሱ የሰው ሚስት ደብቆ ተገኘ ሲባል ምን ይሆናል? በእጄ ስንት ዕርቅ አለ መሰለሽ? ነገ ማን ያምነኛል?»

«እኔ አምንዎታለሁ።»

«አስካለ፣ ኮቴ የት ነው?» አለና ራሱ ሊያመጣ ወደ ጓዳ ገባ።

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ምን ልትሆኚ እሱ ጋ መጣሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «መጽሐፏ ውስጥ ላለችው ሴትዮ በየዓመቱ ያለቅስላታል። እሷ ሞታለች። ቦርሳ ይዛ አትመጣበትም።» ከዚያ የቦርሳዬን ማንገቻ ትከሻዬ ላይ አስተካከሉልኝ። ሌላ የሚያደርጉልኝ ነገር አልነበራቸውም።

ክንዴን ይዞ አወረደኝ። አሁንም ድረስ ጣቶቹ የት የት እንዳረፉ አውቃለሁ። እምቢ ማለት እችል ነበር ይባል ይሆናል። ወዴት? እናቴ ቤት ሄጄ ከዚያም የመለሰኝ እሱ ነው። መንገዱን ሁሉ አወራኝ። ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ትምህርቱ ነው። «ዘንድሮ ከቤቱ ሳይሆን ከድልድዩ ብንጀምር ምን ይመስልሻል? ተማሪዎቹ ድልድዩን ዘግይተው ነው የሚያዩት» አለኝ። ሸማ ሻጮቹ ሱቅ አጠገብ ስናልፍ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንሥተው «ጋሽ ተካልኝ፣ ከልጅዎ ጋር ነዎት?» አሉ።

«ከልጄ ጋር ነኝ» አለ።

ግቢያችን በር ላይ የሲሳይ አክስት ከበርጩማቸው ተነሥተው የጋሽ ተካልኝን ትከሻ ሳሙ። መጥፋቴ ተሰምቶ ሲሳይም ከሥራ መጥቶ ነበር፤ ያለቅሳል። ጋሽ ተካልኝ እጄን አንሥቶ ሲሳይ እጅ ላይ አኖረው። «አደራ» አለው። የጎማ ግሪስ እጄ ላይ ቀረ። ጋሽ ተካልኝ ዳገቱን ሲመለስ ከኋላው አየሁት። ገና ጥቂት እንደሄደ መጽሐፉን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ገለጠ።

ከዚያ ወዲያ ዝውውር ጠየቅኩ። ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ብመደብ ሲሳይ ጎሚስታውን ነቅሎ እስኪከተለኝ ድረስ ትንሽ መተንፈሻ አገኛለሁ፤ በዚያ መሃል መውጫ አላጣም ብዬ ነበር። ማመልከቻው ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ መፈረም አለበት። ኃላፊው ደግሞ እሱ ነው። «ዋስ ሆኜ በራሴ እጅ ላፋታሽ?» ብሎ ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰልኝ። በዓመቱ እንደገና ጠየቅኩ፤ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላም ጠየቅኩ።

ክፍሎቻችን የሚለያዩት በኮምፔንሳቶ ነበር። እኔ ሰማያዊውን መጽሐፍ በአንደኛው ወገን ሳስተምር የእሱ ድምፅ ከወዲያ ይሰማኛል። «በይ፣ መንገዱ እዚያ ነው። አውጪያት።» የእሱ ተማሪዎች «በመስኮት! በመስኮት!» እያሉ ሲጮኹ የእኔዎቹ ይስቁ ነበር። እኔ ጠመኔ ይዤ እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ። በትልቁ መስኮት ማዶ ሲሳይ እጁን ያወዛውዛል። እንዲህ ሆኜ ብዙ ዓመት አስተማርኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ። እሱም በየስብሰባው «የእኔ ምርጥ ተማሪ» እያለ ያስተዋውቀኝ ነበር።

ይቅርታ ጠይቆኛል ወይ ለሚል፣ አልጠየቀኝም። የበደለኝ አልመሰለውም። እስከ መጨረሻው ትዳር ያጸና ሰው ነበር፣ በራሱ ዘንድ። እሱ ያስተማራት ያቺ እጮኛዋን የተወችው ልጅ ዛሬ መጽሔቱን ከሚያሳትሙት አንዷ ናት። ሕይወቴን አትርፈውልኛል ትላለች፤ እውነቷን ነው። ያንን ሁሉ የሚያይ ዓይን እንዴት እኔ ላይ ሲደርስ እንደሚጨፈን ግን ስኖርበትም አልገባኝም፣ አሁንም አልገባኝም።

ጡረታ የወጣው ሰኔ ላይ ነው። ጋቢ አለበስነው። ስለ ነጻነት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ተጨበጨበለት።

መስከረም ላይ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊነት ለእኔ ሰጡኝ። የዝውውር ማመልከቻዬን ጻፍኩና የኃላፊው ቦታ ላይ ራሴ ፈረምኩ። ርዕሰ መምህሩ አመልካቿና ፈራሚዋ አንድ መሆናቸውን አይቶ ቀና ብሎ አየኝ፤ ማኅተሙን መታበት። ምደባው ሲደርሰኝ ለማንም አልተናገርኩም። ሲሳይ እንደ ወትሮው ጠዋት አድርሶኝ ወደ ጎሚስታው ተሻገረ። እኔ በሜዳው በኩል ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ። ከተማው ማዶ ቤት ተከራየሁ። ፍቺውን በፍርድ ቤት ጨረስኩ። ሽማግሌ ተላከብኝ፤ አልከፈትኩም። በአዲሱ ትምህርት ቤት ያንኑ መጽሐፍ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አስተማርኩ።

ቀብሩ ላይ አልተገኘሁም። በሰልስቱ ሄጄ ከእትዬ አስካለ ጎን ተቀመጥኩ። ስለ እሱ አላወራንም። ሲመሽ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።